የደፈረሰ ዊስኪ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሲንግል ሞልት ስኮች ዊስኪ በሰሜን ሸዋ ከተሞች እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞት ይመጣል፣ ለሠርግ በስጦታ ይሰጣል፣ ሆቴሎችም መደርደሪያቸው ላይ ያስቀምጡታል። በተለይ የመጨረሻ ጊዜውን በብራንዲ በርሜል ያሳለፈው ዓይነት ሲከፈት ግን ሦስት ክሶች ይሰማሉ። «ብራንዲ ተደባልቆበታል» የሚል አለ። «ደፍርሷል፣ ፎርጅድ ነው» የሚል አለ። «ክብሪት ቢለኮስበት አይነድም፣ ውሃ ገብቶበታል» የሚልም አለ። በዚህ የተነሳ ደህናው ጠርሙስ ይመለሳል፣ ሻጭና ገዢ ይጣላሉ፣ አለዚያም መጠጡ በለስላሳና በበረዶ ተበርዞ ያልቃል። የመጀመሪያው ክስ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በትክክል ካለመረዳት የሚመጣ ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን የደጋችን ብርድ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ብርዱ ሌላም ጉዳት አለው፣ የመጠጡን ሽታ ይዘጋዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚህ ነው።

ሲንግል ሞልት የሚባለው በአንድ ማምረቻ ውስጥ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ ተጠንስሶ በመዳብ ማውጫ የሚወጣ ዊስኪ ነው። አብዛኛው እንደ ዳግም አረቄ ሁለት ጊዜ ይወጣል። በአረቄ ድፍድፍ ውስጥ ብቅሉ የሌላውን እህል ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ አጋዥ ነው፤ እዚያ ግን እህሉ በሙሉ ብቅል ነው፣ ጌሾም አይገባበትም። መዳቡ ለጌጥ አይደለም፣ ከድፍድፉ የሚነሳውን የድኝ ጠረን ይይዛል። ከማውጫው ሲወርድ ቀለም የለውም፣ አልኮሉም 70 በመቶ ገደማ ነው። ብዙውን ጊዜ በውሃ ወደ 63.5 በመቶ ወርዶ ኦክ ከተባለ እንጨት በተሠራ በርሜል ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ዊስኪ ደንብ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። ሲታሸግ አልኮሉ ከ40 በመቶ በታች መሆን አይችልም። ከውሃና ለቀለም ከሚገባው ተራ ካራሜል (የተቃጠለ ስኳር) በቀር የሚጨመርበት ነገር የለም። ብራንዲ ቢጨመርበት ስኮች ዊስኪ የሚለውን ስም ያጣል።

ታዲያ የብራንዲው በርሜል ምን ይሠራል? ዊስኪው አብዛኛውን ዕድሜውን ቀድሞ ቦርቦን የተባለውን የአሜሪካ ዊስኪ በያዘ የአሜሪካ ኦክ በርሜል ያሳልፋል። ከዚያ ብራንዲው ወጥቶ ባለቀበት በርሜል ውስጥ ተገልብጦ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ይቆያል። በርሜሉ ባዶ ነው፤ እንጨቱ ግን ለዓመታት የመጠጠውን ብራንዲ በውስጡ ይዟል። ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጠላው የወይራ ጠረን ይይዛል፣ ማንም ግን ጠላው ውስጥ ወይራ ተጨመረ አይልም። በርሜሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በጠርሙሱ ላይ 12 ዓመት ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም ቆይታዎች ተደምረው ነው፤ ቁጥሩም በውስጡ ያለውን የትንሹን ዊስኪ ዕድሜ ነው የሚነግረን።

የትኛው ብራንዲ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ኮኛክ የተባለው የፈረንሳይ ብራንዲ በርሜል ከፈረንሳይ ኦክ፣ በተለይ ከሊሙዛንና ከትሮንሴ ደኖች እንጨት የሚሠራ ነው። የፈረንሳይ ኦክ ከአሜሪካው የበለጠ ታኒን፣ ማለትም አፍ የሚያደርቅ የእንጨት ንጥረ ነገር አለው፤ ዊስኪው ላይ የዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የቅርንፉድና የበሰለ ፖም ሽታ ያመጣል። የስፔኑ የሄሬዝ ብራንዲ ግን የሚያረጀው ቀድሞ ሼሪ የተባለውን ወይን በያዘ በርሜል ስለሆነ ከሱ የሚገኘው ጠቆር ያለ፣ የተምርና የለውዝ ጣዕም ያለው ነው። «በብራንዲ በርሜል የተጠናቀቀ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ ከጣዕሙ መፈለግ ነው። የአሜሪካው ኦክ ደግሞ የራሱ አሻራ አለው፣ ቫኒላና ኮኮናት፤ ይህ ከብራንዲው የመጣ አይደለም፣ ቀማሾች ግን ብዙ ጊዜ ለብራንዲው ይሰጡታል። ስኮትላንዶች ይህን ሁለተኛ በርሜል መጠቀም በሰፊው የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው፤ በባልቬኒ ማምረቻ ዴቪድ ስቱዋርት ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በኮኛክ በርሜል ከተጠናቀቁት መካከል ግሌንሊቬት ካፕቴንስ ሪዘርቭ እና የ26 ዓመቱ ግሌንፊዲክ ግራንድ ኩሮን ይገኛሉ።

ይህ ሁለተኛ በርሜል ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። ቆይታው ካጠረ ብራንዲው በሽታ ላይ ብቻ ይታይና ምላስ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ሁለቱ አይዋሃዱም። ሲረዝም ደግሞ የእንጨቱ ታኒን ድድን ይጨብጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ የገብሱ ጣዕም ይሸፈናል። በኛ ግምት የከፋው ሁለተኛው ነው። የብቅሉ ጣዕም ከጠፋ ዊስኪውን ዊስኪ ያደረገው ነገር ጠፍቷል፣ ያንን ዋጋ ከፍሎ መግዛትም ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ እሳት የሌለበት ክፍል በሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፣ መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስም አብሮ ይቀዘቅዛል። ዊስኪ ውስጥ ከእርሾና ከማውጫው የመጡ ቅባት አዘል ንጥረ ነገሮች አሉ። አልኮሉ ጠንካራና ሙቀቱ በቂ ሲሆን ሟሙተው ይቀመጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሃ ሲጨመርበት ግን ይለያሉ፣ ዊስኪውም ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። ብዙ አምራቾች ይህን ለማስቀረት ከማሸጋቸው በፊት ዊስኪውን ወደ 0 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዘው ያጣሩታል። የማያጣሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ 46 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ያሽጉታል፣ በዚያ ጥንካሬ በተራ ሙቀት አይደፈርስምና። እንዲህ ያለው ጠርሙስ የእኛ ብርድ ሲያገኘው፣ ቀዝቃዛ ውሃም ሲጨመርበት መደፍረሱ የሚጠበቅ ነው። ያልተጣራ መሆኑን ይናገራል እንጂ ጉድለት አይደለም፤ የተለዩት ቅባቶች ለአፍ ውፍረት የሚሰጡት ናቸውና።

መፈተኛው ቀላል ነው። ብርጭቆውን በሁለት መዳፍ አቅፎ መያዝ፣ ወይም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ። ወደ 20 ዲግሪ ሲደርስ ጭጋጉ ከጠፋ ጉዳዩ ብርድ ነበር። ውሃ በብዛት ከተጨመረበት በሙቀትም ሙሉ በሙሉ ላይጠራ ስለሚችል ፈተናው ውሃ ባልነካው ዊስኪ ይሁን። ያልተቀጠነው ዊስኪ ሞቆም ካልጠራ፣ የሚንሳፈፍ ክር ወይም ወፍራም አተላ ካለው ግን ይጠርጠር። ጠርሙሱን ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፣ የአልኮል ትነት እሳት ይይዛል።

የክብሪቱ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አረቄ ነዶ ጥንካሬው እንደሚታወቅ ሁሉ ዊስኪንም በክብሪት መሞከር ልማድ ሆኗል። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ትነቱ እሳት የሚይዘው 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። 12 ዲግሪ ባለው የደብረ ብርሃን ክፍል ክብሪት ብቻ አሳይቶ አልነደደም ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ ያው ጠርሙስ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በቀትር ቢሞከር ሊነድ ይችላል። የባሰው ደግሞ ሜታኖል፣ ማለትም ዓይን የሚያጠፋውና የሚገድለው አልኮል፣ እሱም ጥሩ አድርጎ ይነዳል። ስለዚህ መንደዱ የመጠጡን ደህንነት አያሳይም። ሜታኖል በሽታም በጣዕምም አይለይም። መከላከያው ምንጩ ከታወቀ ሻጭ ማሸጊያው ያልተነካ ጠርሙስ መግዛት ነው። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 2012 ጀምሮ ሲንግል ሞልት ስኮች መታሸግ የሚችለው ስኮትላንድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ አገር ታሸገ የሚል ጽሑፍ ያለው ጠርሙስ አጠራጣሪ ነው። ማንም ሰው አጠራጣሪ መጠጥ ጠጥቶ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ሆዱን ከቆረጠው ወይም ትንፋሹ ከበዛ እስኪያልፍለት ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ወደ ቅምሻው እንምጣ። ጠርሙሱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ክፍሉ ውስጥ እጣን አይጨስ፣ ቡና አይቆላ። ኩበት የሚነድበት ቤት ውስጥ የዋለ ጋቢም ሆነ በርኖስ ጠረኑን ይዞ ስለሚመጣ ለቅምሻ ሲቀመጡ ቢያወልቁት ይሻላል፤ በተለይ በፒት፣ ማለትም ከረግረግ ተቆፍሮ በሚነድ የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር ጭስ የደረቀ ብቅል ያለበት ዊስኪ ከሆነ የትኛው ጭስ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግራል። ዶሮ ወጥ ወይም ቁርጥ በአዋዜ ከተበላ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መቅመስ አይመከርም። አልኮልና በርበሬ በአፍ ውስጥ የሚቀሰቅሱት ያንኑ የማቃጠል ስሜት ተቀባይ ነውና አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል፤ ጥሩውም ዊስኪ የሚለበልብ ብቻ ይሆናል። ባዶ ሆድም አይሁን። ከበርበሬ ነጻ የሆነ ዳቦ ወይም ቂጣ ይበቃል። የገብስ ቆሎ ግን ለኋላ ይቆይ፣ የተቆላ ገብስ ሽታ ከዊስኪው ውስጥ የምንፈልገውን ብቅል ይሸፍነዋል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ለዊስኪ ተብሎ የተሠራው ካልተገኘ አነስ ያለ የወይን ብርጭቆ በደንብ ይሠራል። መለኪያ እስከ አፉ ስለሚሞላ ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ የለውም። የሻይ ብርጭቆ አፉ ክፍት ነው፣ ሽታው ይበተናል። ብርሌ ደግሞ አንገቱ ረዥምና ጠባብ በመሆኑ የአልኮሉን ትነት አምቆ ወደ አፍንጫ ይልከዋል፤ ለጠጅ ነው የተሠራው፣ እዚያው ይቆይ። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በብዙ ውሃ ከተለቀለቀ በኋላ በጨርቅ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። የጨርቅ ሽታ ከምንም በላይ ይጣበቃል።

30 ሚሊ ሊትር ይቀዳ። እንደ ወይን በኃይል ማሽከርከር አያስፈልግም፣ አልኮሉን ብቻ ያስነሳል። ቀስ አድርጎ አንዴ አዘንብሎ መመለስና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መተው ይበቃል። ከዚያ አፍን በትንሹ ከፍቶ፣ ብርጭቆውን ከአፍንጫ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ አጭር አጭር ትንፋሽ መሳብ። አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ ጠልቆ ማስገባት የሽታ ስሜትን ለብዙ ደቂቃ ያደነዝዘዋል። በመጀመሪያው ሽታ ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ብራንዲው ነው፤ ዘቢብ፣ ብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ማር። ብርጭቆው ሲቆይ ከስሩ የበሶና የዳቦ ቅርፊት ሽታ ይነሳል፣ እሱ ብቅሉ ነው። ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለውን የቢራ ብቅል ፋብሪካ የሚያውቅ ሰው ይህን ሽታ ወዲያው ይለየዋል።

መጀመሪያ የሚጎነጩት ጉንጭ አፍን ለማለማመድ ነው፣ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ሆኖ ምላስ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይቆይ፣ ወደ ጎኖቹም ይንሸራተት። ከዋጡ ወይም ከተፉት በኋላ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ የኋላ ጣዕሙን ያወጣዋል። ብልጫው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፍሬውና ገብሱ አብረው ቀስ በቀስ ከጠፉ በርሜሉ ሥራውን በልክ ሠርቷል። ፍሬው ድንገት ተቆርጦ መራራ እንጨት ብቻ ከቀረ ከልክ በላይ ቆይቷል።

ውሃ መጨመር ነውር አይደለም፣ ማበላሸትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት የጭስ ሽታ ያለው ጓያኮል የተባለ ንጥረ ነገር አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል፤ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን አልኮሉ ከቦ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ልክ ያለው ውሃ ሽታ ይከፍታል። ስሌቱ እንዲህ ነው። 46 በመቶ በሆነ 30 ሚሊ ሊትር ዊስኪ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር ወደ 39 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛ ማንኪያ ሲደገም ወደ 34 ከግማሽ። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙ ጊዜ ያቀጥነዋል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ መጠኑን በትክክል ይሰጣል። ውሃው ጋዝ የሌለው የታሸገ ውሃ፣ በክፍሉ ሙቀት ልክ ይሁን። አምቦ ውሃ ጋዙና ማዕድኑ ጣዕሙን ስለሚለውጠው ለዚህ አይሆንም፤ ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃም እንዲሁ። በረዶ በደብረ ብርሃን አየር ላይ ሲጨመር የመጠጡን ሽታ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል።

ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ክፍሉ 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ አልኮሉ ቀድሞ ይነሳና አፍንጫ ይወጋል። እዚያ ጠርሙሱን ለአጭር ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይቶ፣ መጠኑንም አሳንሶ መቅዳት ይሻላል። አንድን ጠርሙስ ደብረ ብርሃን ቀምሶ ደካማ፣ ሸዋ ሮቢት ቀምሶ ኃይለኛ ነው የሚሉ ሁለት ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ዊስኪው ሳይሆን ስለ ክፍሉ ሙቀት ነው። በቆላ ያለ ሻጭ ጠርሙሱን ከፀሐይ ያርቅ፣ በቁሙም ያስቀምጥ፤ ጋድሞ ከተቀመጠ ጠንካራው አልኮል ቡሹን እየበላ ያፈራርሰዋል። የተከፈተና ከግማሽ በታች የቀረ ጠርሙስ በወራት ውስጥ ፍሬያማ ሽታው ይከስማል፣ መጀመሪያ የሚሄደውም የብራንዲ በርሜሉ የሰጠው ነው።

የበርሜሉን ሥራ በእርግጠኝነት ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ሦስት ብርጭቆ ጎን ለጎን ማቆም ነው። በአንዱ የዚያው ማምረቻ በብራንዲ በርሜል ያላለፈ ዊስኪ፣ በሁለተኛው በብራንዲ በርሜል ያለፈው፣ በሦስተኛው ብራንዲው ራሱ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ይሁን፤ ብራንዲው ጣፋጭነት ስላለው ቀድሞ ከተቀመሰ ዊስኪዎቹን ደረቅ ያስመስላቸዋል። በመጀመሪያው የሌለ፣ በሦስተኛው ያለ፣ በሁለተኛውም የተገኘ ጣዕም ከበርሜሉ የመጣ ነው። ብርጭቆዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ ሳይታጠቡ ግማሽ ሰዓት ቆይተው እንደገና ይሸተቱ፤ አልኮሉ ስለሄደ የእንጨቱና የብቅሉ ሽታ ብቻውን ይቀራል። በቀለም መፍረድ አይቻልም፣ ካራሜል ተፈቅዷልና።

የሆቴል ባለቤቶችንና አስተናጋጆችን የምንጠይቀው ይህን ነው። በዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን የአልኮሉ መጠን፣ የበርሜሉ ዓይነትና ያልተጣራ መሆኑ ይጻፍ፤ አስተናጋጁም መደፍረሱን ለእንግዳው አስቀድሞ ይንገር። ሦስቱን ብርጭቆ 15፣ 15 ሚሊ ሊትር አድርጎ በአንድነት ማቅረብ ይቻላል። ከ700 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 46 እንዲህ ያለ ቅጂ ይወጣል። የሦስቱ ድምር 45 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ጥንካሬው 46 በመቶ እንኳ ቢሆን 21 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ንጹህ አልኮል ነው፣ ክብደቱ 16 ግራም ገደማ። ይህም ቢሆን ለአሽከርካሪ ብዙ ነው። ከቅምሻ ተነስቶ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው ተፍቶ ይቅመስ ወይም መሪውን ለሌላ ይስጥ፤ መትፊያ የሚሆን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ማንም አያፍርበትም። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ክልክል ነው፣ ለነፍሰ ጡርም አይቀዳ።

ከአክብሮት ጋር
በሆቴልና በመጠጥ መስተንግዶ ሙያ ላይ ያለን
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ